የጋራ ኦሲሎስኮፕና የእኔ ደም ግፊት

እኔ ምለው፣ የጋራ ዕቃ ነክቶ እንደነበረ መመለስ ይሄን ያህል ከባድ ነው? እዚህ ደብረ ብርሃን የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ተዋጥተን አንድ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ፣ ቮልቴጅን በስክሪን ላይ በመስመር የሚያሳይ መለኪያ፣ ገዛን። ብቻውን የሚችለው የለም፣ እሺ። ግን ጠዋት ስከፍተው አንድ ቀን እንኳ እንደተውኩት አላገኘውም።

ትናንት አንድ ሰውዬ ከመሐል ሜዳ ድረስ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጥቷል። አጠገቤ ቆሞ «ወንድሜ፣ ይሆናል ወይስ ይዤው ልመለስ?» ይለኛል። ፓወር ቦርዱ 12 ቮልት ማውጣት አለበት፤ ስለካው ዜሮ ላይ የተኛ መስመር! ሜኑውን ብከፍት ኤሲ ካፕሊንግ የሚባለው የመግቢያ ምርጫ ላይ ነው። አንዱ ሪፕል (ቀጥታው ቮልቴጅ ላይ ያለችውን ትንሽ ውዝዋዜ) ሊያይ አዙሮት፣ እንዲሁ ትቶት ሄዷል። ኤሲ ላይ ሲሆን እኮ መግቢያው ላይ ያለችው ካፓሲተር ቀጥታውን ቮልቴጅ ታስቀራለች፤ የሚወዛወዘውን ብቻ ነው የምታሳልፈው። 12ቱ ቮልት ቁጭ ብሎ ማሽኑ አላየውም።

ሪፕሉስ ታዲያ? እሱም የለም። ሌላኛው ደግሞ ስኬሉን የስክሪኑ አንድ ካሬ 10 ቮልት እንዲሆን አድርጎ ጥሎታል። ማሽናችን 8 ቢት ነው፤ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች የሚከፍለው በ256 ደረጃ ነው። ስምንት ካሬ፣ 80 ቮልት፣ አንዷ ደረጃ 0.3 ቮልት ገደማ። የ0.1 ቮልት ሪፕል በየት በኩል ይታይ? «ዙም አድርገው» ይለኛል ደግሞ አንዱ ጠጋኝ! አንዴ ከተቀዳ በኋላ የሚጎላው ደረጃው ነው እንጂ የጠፋው አይመጣም።

ፕሮቡ (መለኪያ ሽቦው) ቮልቴጁን ለ10 በሚያካፍለው ላይ፣ ሜኑው ግን 1 ላይ ሆኖ 5 ቮልት 0.5 እየተባለ መነበቡን ተውት። አራቱንም ቻናል ከፍቶ መሄዱንም (በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ መለካቱ ለአራት ተካፍሎ 250 ሚሊዮን ይሆናል) ልለፈው።

ይሄ ግን አይታለፍም። የፕሮቡ ግራውንድ ክሊፕ በማሽኑ ሻሲ አድርጎ ከመሬት መስመር ጋር የተገናኘ ነው። አንዱ ጀግና የቻርጀር 220 ቮልት ጎን ላይ አስነክሶት ድው! አደረገው። ከዚያስ? የኦሲሎስኮፑን ስፒና ፈቶ የመሬቷን ሽቦ አላቀቃት፤ «አሁን አይፈነዳም»! አዎ አይፈነዳም፤ ክሊፑ የነካው ኤሌክትሪክ የማሽኑ ብረት ላይ ይመጣና ብረቱን የነካውን ሰው ይይዛል። አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ዕቃውን ከመብራት መስመሩ የሚነጥለው) ለሚጠገነው ዕቃ ነው የሚገባው ብዬ ስጮህ «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» ተባልኩ።

ሽቦዋን መልሼ አስሬያታለሁ። ፕሮቦቹ እኔ ጋ ናቸው። የሚፈልግ ጠባሴ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይውሰድ፤ መጀመሪያ ግን ሁሉን ወደ መነሻው የምትመልሰው «ዲፎልት» የምትለዋ ቁልፍ የት እንዳለች ይንገረኝ።