ርስቱን ያላስለካ ሕዝብ በስልኩ ጭሰኛ ሆነ

በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት የጎጃም ገበሬ ያመፀው በጥርጣሬ ነበር። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ፤ ገማቾች ወደ ገጠር ሊወርዱ ሆነ። ገበሬው ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን እንደሚለካ፣ መሬቱ ከተለካም ርስትነቱ እንደሚያከትም ጠረጠረና አሻፈረኝ አለ። ጦር ተላከ፣ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ጥርጣሬው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ለታሪክ ሰዎች ልተወው። እኔን የሚያስገርመኝ የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ነው፤ ማለትም እኔው ራሴ። አያቴ ገመድ ይዞ የመጣን ሰው ወደ ማሳው አያስጠጋም ነበር። እኔ ግን አንብቤው የማላውቀውን የማኅበራዊ መድረክ ውል «እስማማለሁ» ብዬ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።

ከፈረምኩ በኋላ ሰባት ዓመት አረስኩ። የድሮ የደብረ ማርቆስ ፎቶግራፎችን ከየቤቱ እየለመንኩ ሰበሰብኩ። አዛውንቶች መንቆረር የሚለው የከተማዋ የድሮ ስም ገና ከአፋቸው ሳይጠፋ የነገሩኝን ጻፍኩ። በክብረ በዓል ቀን የሰማኋቸውን ቅኔዎች ከነፍቺያቸው አሰፈርኩ። ይህን ሁሉ ያከማቸሁት አንድ ትልቅ ማኅበራዊ መድረክ ላይ በከፈትኩት ገጽ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ገጹ የለም። የቀረልኝ ደንብ መተላለፌን የሚገልጽ አጭር መልእክት ብቻ ነው። የትኛውን ደንብ፣ በየትኛው ጽሑፍ? መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። አቤቱታ ማቅረቢያ የተባለውን ቅጽ ሦስት ጊዜ ሞላሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ማሽን መለሰልኝ። የጥንቱ ጭሰኛ እንኳ ቢያንስ የሚጠናው ደጅ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ለማገኘው ሰው ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ የራስህን ድረ ገጽ ሥራ። ወዳጆቼ ሰልችቷቸዋል፤ እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።

ማኅበራዊ ሚዲያን ጣሉ አልልም። ገበያ ነው፤ ገበያ ደግሞ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ ወጥተን እንሸጣለን፣ እንገዛለን፣ ወሬ እንሰማለን፣ አንዳንዴም እንጣላለን። ሲመሽ ግን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ጎተራውን ገበያ መሀል የተከለ ገበሬ አይቼ አላውቅም። እኛ ግን የልጆቻችንን ፎቶ፣ የሟቾቻችንን መታሰቢያ፣ የጥናታችንን ውጤት፣ የንግዳችንን ደንበኛ ሁሉ ገበያ ላይ አሰጥተን ገባን። ዝናብ ይመጣል ያለን አልነበረም።

ዝናቡ ግን ሌላ አገር ሲጥል ታይቷል። ጂኦሲቲስ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1994 ተመሥርቶ ሰዎች በነጻ ገጽ የሚሠሩበት ትልቅ መንደር ሆኖ ነበር። ያሁ የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ገዛው፣ በ2009 ደግሞ ዘጋው። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ መድረክ በ2019 ሰዎች ለዓመታት የጫኑለትን ሙዚቃ ሰርቨር (ገጾች የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር) ስናዛውር ጠፋብን ብሎ አረፈው። የጎግል ማኅበራዊ መድረክ የነበረው ጎግል ፕላስም በዚያው ዓመት ተዘጋ። እነዚህ በዘመናቸው የማይነቀነቁ ይመስሉ ነበር።

የእኛን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ሲታገዱ እገዳው አምስት ወር ያህል ቆየ። በእነዚያ ወራት ሌሎች ድረ ገጾች ይከፈቱ ነበር። ደንበኞቹን በሙሉ በአንድ የቴሌግራም ቻናል የሰበሰበ ነጋዴ ግን ሱቁ እንደተቆለፈበት ቆጠረው። ብዙዎች ቪፒኤን ፍለጋ ሲራወጡ የራሱ አድራሻ ያለው ሰው ሥራውን ቀጠለ። ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ለረዥም ጊዜ ጠፋ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ድረ ገጽም እዚህ አይከፈትም፤ አልዋሽም። ሆኖም በሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ገጽ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ላለ አንባቢ ክፍት ይሆናል። ዋናው ቅጂም ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ማንም አይነካብኝም።

ቅኔውን ላንሳ፤ ነገሩ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ እዚያ ላይ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ያደገ ባለ ቅኔ ለዕለቱ የሚሆን አዲስ ቅኔ ያበረክታል። የሌላውን ቅኔ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው፤ ሌብነት ይባላል። ቅኔው ከአፍ ሲወጣ አየር ላይ ነው፤ ጉባኤው ግን ከባለቤቱ ስም ጋር ይይዘዋል፣ «ይህ የየኔታ እገሌ ነው» እየተባለ ከደብር ደብር ይሻገራል። አሁን ይኸው ቅኔ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት የተለጠፈው ማታ ከሥር ይቀበራል፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ስሙን ቆርጦ በራሱ ገጽ ያወጣዋል፤ ከወር በኋላ ፈልገህ አታገኘውም። የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከገባማ ከነጭራሹ ጎግል አያየውም። ከዚያ ተመልሰን «በአማርኛ ኢንተርኔት ላይ ምንም የለም» እያልን እናማርራለን። አለ እኮ፤ ቁልፉ የሌላ ሰው በሆነ ጎተራ ውስጥ ከተን ነው።

ድረ ገጽ መሥራት ከባድ ነው የሚለውን አልቀበልም። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ-ሊ የፈጠረውን ድር (ዌብ) ሰርን የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 ለሁሉም በነጻ የለቀቀው ማንም ሳያስፈቅድ እንዲጽፍበት ነው። የእኛ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የፎንት ጣጣ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ድረ ገጽ የሚጻፍበት የኤችቲኤምኤል መሠረቱ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ይለመዳል። ያንን የማይፈልግ ሰው ዎርድፕረስን የመሰለ የተዘጋጀ መሣሪያ ይጠቀም። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አሠራር ሦስት ባይት ይይዛል፤ እንግዲህ ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ሙሉው ሃያ ኪሎባይት አይሞላም ማለት ነው። ኔትወርክ በሚንገዳገድበት ገጠር ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

የሚከብደው ክፍያው ነው። የተለመደው በዶት ኮም የሚያልቅ አድራሻ በዓመት ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር ያስከፍላል፤ ገንዘቡ ቢኖርም በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? በብር የሚቀበሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎች አሉ፤ እኔም የከፈልኩት በዚያ መንገድ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ አድራሻውም ቢሆን ርስት አይደለም። በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሊዝ ይመስላል። ልዩነቱ አከራዩ ቢከፋብህ ዕቃህን ጭነህ፣ ስምህንም ይዘህ ወደ ሌላ ሰርቨር ትሄዳለህ። አንባቢህ መንገዱ መቀየሩን እንኳ አያውቅም። በነጻ የሚሰጡ ቦታዎችም ክፉ አይደሉም፤ ቅጂህን ቤትህ እስካስቀመጥክ ድረስ።

«ማን ያነበዋል?» ይሉኛል። ጥቂት ሰው። ፌስቡክ ላይ ሦስት መቶ ሰው ይወድልኝ የነበረውን ጽሑፍ ድረ ገጼ ላይ በሳምንት አሥራ አምስት ሰው ያየዋል። መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር፤ ጭብጨባ ሱስ ነው። አሁን የምጽፈውን መጀመሪያ በቤቴ አኖራለሁ፤ ከዚያ አድራሻውን ብቻ ገበያ ወስጄ አወራለሁ። መሰዳደብ የፈለገ እዚያው ገበያው ላይ ይሰዳደብ። እኔ ቤት ማንም ጫማ አያወልቅም፣ ማንም ግን አይጮህም።

ከተዘጋው ገጽ ላይ የነበሩትን ፎቶግራፎች ከየባለቤቶቹ እንደገና መለመን ነበረብኝ። አሥራ ሁለቱን እስካሁን አላገኘኋቸውም፤ የሁለቱ ባለቤቶች አርፈዋል። ከቅኔዎቹ አብዛኛውን ግን ከደብተሬ መልሼ ጻፍኳቸው። ባለፈው ወር አንድ መሪጌታ ስልኬን ከድረ ገጹ ላይ አግኝተው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የጻፍካት ጉባኤ ቃና ሁለተኛ ቤቷ ላይ አንዲት ፊደል ጎድላለች፤ ምስጢሯ ተሰብሯል» አሉኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ እሳቸው ስልኩ ላይ እያሉ አስተካከልኩት። «አሁን እዩት» አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው በስልኩ ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ጥቂት ዝም አሉና ሌላ ቅኔ ይነግሩኝ ጀመር፤ እኔም መጻፍ ጀመርኩ።