ተሳፋሪው የት ገባ?

«የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተሳፋሪ ቀነሰ» የሚል ሰው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ቆሞ አያውቅም። ተሳፋሪውማ የት ይሄዳል? ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ እዚያው ፌርማታው ላይ ተገትሯል። የቀነሰው ባቡሩ ነው።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የቃሊቲው መስመር ሲከፈት ጊዜው ሌላ ነበር። በ2 ብር ልጅ አስከትሎ፣ ከተማውን በመስኮት እያየ የሚንሸራሸር ብዙ ነበር። የሚሄድበት የሌለው ሁሉ ይሄድ ነበር። ዛሬ የሚሄድበት ያለውም አልቻለም።

ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡር ተገዝቷል። ታዲያ ሚኒባስ ቢበላሽ ሶማሌ ተራ ተኬዶ አሮጌም ቢሆን ዕቃ ይገኛል። ባቡር ሲቆም ግን ሶማሌ ተራ ምን ያደርግለታል? ዕቃው ከቻይና ነው የሚመጣው፤ ዕቃው የሚገዛበት ዶላር ደግሞ ከየትም አይመጣም። እንዲህ እንዲህ እያለ በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ ቆሙ። ሠርተው የሚያድሩት ጥቂቶቹ የቀሩትንም ድርሻ ተሸከሙ፤ መብራት ሲሄድ እነሱም ያርፋሉ።

ስለዚህ ባቡሩ ሲመጣ በየመስታወቱ ጉንጭ ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። በሩ ሲከፈት ማንም አይወርድም፤ የአንድ ሰው ክርን ብቻ ወጣ ይልና ይመለሳል።

«ኧረ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል ከውጭ ያለው።

«ወዴት? ሹፌሩ ጭን ላይ?» ይላል ከውስጥ ያለው። ይኸው ሰው ባለፈው ፌርማታ ላይ «ጠጋ በሉ» ሲል የነበረ ነው። ሰው በሩን ካለፈ በኋላ ጠባዩ የሚለወጥበት ፍጥነት ይገርመኛል፤ ባቡሩ በዚያ ፍጥነት ቢሄድ ኖሮ ማንም አያማርርም ነበር።

ትኬት ተቆጣጣሪው እንኳ አንድ ጥግ ከተጣበቀ መንቀሳቀስ አይችልም። ኪስ አውላቂው ግን ይንቀሳቀሳል፤ እንዴት እንደሚችልበት እሱ ነው የሚያውቀው። ትኬት ሳይቆርጥ ተጨናንቆ የሚያልፈውን ማን ይቁጠረው? እንግዲህ በቆጠራው ላይ «ቀነሰ» ከተባለው ውስጥ እሱም አለበት።

የተረፈው ተበተነ። ደሞዝ የገባለት ሰሞን ራይድ ይጠራል፤ ወሩ ሲጋመስ የሚኒባስ ሰልፍ ይይዛል፤ ወደ መጨረሻው «ስፖርት ጀምሬያለሁ» ብሎ በእግሩ ይገባል። ዋጋ አይደለም ያባረረው፤ ባቡሩ እንደሆነ ርካሽ ነው። ርካሽነቱ ግን የሚጠቅመው ለገባው ነው።

በቀደም አንዲት እናት ነጠላቸውን አጥብቀው በሩን ሊጋፉ ሲሉ አንድ ወጣት ያዛቸውና፣

«እማማ፣ ይጎዳሉ፤ ቀጣዩን ይጠብቁ» አላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ቀጣዩ ነው» አሉት፤ ገፍተውትም ገቡ።