ጫማ መሰለው እንዴ?

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ልጆች በባለ አራት ጎማ ሞተር (እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጠው በሚነዱት) ሲጎዱ ጥፋቱን ሁሉ ወላጅ ላይ ጣለው። ሻጩስ? እዚህ አሜሪካ ለ10 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ልንገዛ ሄድን። ሻጩ ያሳየን የአዋቂ ሞተር ላይ ሲወጣ እግሩ መርገጫው ላይ በቅጡ አይደርስም። ሻጩ «ግድ የለም፣ ያድግበታል» አይለንም! የአዋቂው ሞተር ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይሆን እኮ እዚያው ሞተሩ ላይ ተለጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሰዎች ገዢ መስለው 10 ሻጮችን ሲፈትኑ፣ 7ቱ የአዋቂውን ለልጅ ለመሸጥ ፈቃደኛ ነበሩ። ወላጅስ ላያውቅ ይችላል። ሻጭ ግን ያንን ማስጠንቀቂያ ሲያይ ነው የሚውለው። «ይሄ ለሱ አይሆንም» ማለት ምን ይከብዳል? እኛ ብስክሌት ገዝተንለት ተመለስን። ልጁ ግን እስከ ቤት ድረስ አኩርፎ አላናገረንም።