ታብሌት ሰቃዮች ሆይ፣ ክንዳችሁ አይዛል!

ታብሌት ለተራው ሰው ይመቻል ወይስ አይመችም እያሉ ዛሬም የሚከራከሩ አሉ። ምስኪኖች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ የሚጠራቸው አጥተው መሆን አለበት። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከፊት ብድግ ብሎ ትሪ የሚያህል ታብሌት በሁለት እጁ የሚሰቅለውን ጀግና አንዴ ቢያዩት ክርክሩ ያበቃ ነበር። ሙሽሮቹን እንኳ አያዩአቸውም።

የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ ይህ ጸጋ አልታየውም። በ2010 እ.ኤ.አ. አይፓድ የተባለውን ታብሌቱን ሲያስተዋውቅ ሶፋ ላይ ተደላድሎ ኢንተርኔት ይጎረጉር ነበር፤ ዕቃው ካሜራ የሚባል ነገር አልነበረውም። 700 ግራም ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነገር ማን አንጋጦ ይቀርጽበታል? በዓመቱ አይፓድ 2 ካሜራ ይዞ መጣና ተገላገልን።

ደግሞ ነገሩ በደማችን ያለ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት አድሎ ነበር። ካሜራው እንዳይሠራ ተዘግቶ ነበር። ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ከፈቱት። ፈረንጅ ጉድ አለ፤ እኔ ግን ምኑ ይገርማል? የነገ ሰርገኞች ናቸው።

የሙሽራዋን አክስት ተመልከቱልኝ። ታብሌቱ ከዋሽንግተን የተላከላቸው ነው። የሽፋኑ ክዳን ተንጠልጥሎ የጎረቤታቸውን ግንባር ይዳብሳል፤ ግራ አውራ ጣታቸው ሌንሱ ላይ ተኝቷል። በስንት ብር የተከራየው ካሜራማን በግራ ቢዞር ታብሌት፣ በቀኝ ቢዞር ታብሌት። ኬኩ ሊቆረስ ሲል «ሜሞሪ ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ሳያወርዱ፣ እዚያው እንደቆሙ የአምናውን ክርስትና አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመሩ። ኬኩ ተቆረሰ፣ እልልታው አለቀ፣ ክርስትናውም ጠፋ።

«ለማን ነው የሚቀርጹት?» ብሎ የሚያጉረመርም ምቀኛ አይጠፋም። ለማን ይሆናል? ሰርጉን ላላዩት ዘመዶች ነዋ! እንግዲያው እትዬ፣ ከኋላዎ የተቀመጥነው ሦስት ጠረጴዛ ሙሉ ሰዎች ነን፤ ለኛም በቴሌግራም ይላኩልን። አውራ ጣትዎ ቢኖርበትም ግድ የለም።