ነጠላ ሰረዙን የሚያውቀው ልጁ ነው

«ሥርዓተ ነጥብ በታችኞቹ ክፍሎች ጊዜ ሊፈጅ አይገባም፤ ልጆች ሐሳባቸውን በነፃነት ይጻፉ፣ ነጥቡን ኮምፒውተሩ ያስገባላቸዋል።» ይህን በቅርቡ በአንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ የተናገሩት ሰው የቋንቋ ትምህርት ባለሙያ መሆናቸው ይበልጥ ያስቆጣል። ለማስረጃ ያቀረቡት ሁለት ነጥብ የተባለውን ምልክት (፡) ነው፤ በየቃሉ መካከል መጻፉ ቀረ፣ ማን ተጎዳ አሉ። ማንም አልተጎዳም፤ ቃልን ከቃል የመለየቱን ሥራ ባዶ ቦታ ተረክቦታልና። ምልክቱ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልቀረም። የነጠላ ሰረዝንና የትእምርተ ጥቅስን ሥራ ማን ሊረከብ ነው?

አንዲት ተማሪ «እማዬ አስተማሪዋ ጠራችኝ» ብላ ጻፈች እንበል። ከ«እማዬ» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ብታስገባ፣ ወሬውን ለእናቷ እየነገረች ነው፤ ከ«አስተማሪዋ» ቀጥሎም ሌላ ብትጨምር ግን የጠራቻት አስተማሪ የሆነችው እናቷ ራሷ ናት። ማሽኑ የልጅቷ እናት አስተማሪ መሆን አለመሆኗን ከየት ያውቃል? ሊገምት ይችላል፤ የሚያውቀው ግን የጻፈው ሰው ብቻ ነው፣ እንዲለይ ካልተማረ ደግሞ እሱም ሳይለየው ይቀራል።

አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር በራሱ በተናጋሪው አንደበት ማምጣት የለመደ ቋንቋ በመሆኑ ጉዳዩ ይብሳል። «አለኝ» ባልንበት ሁሉ «እኔ» የሚባለው ማን እንደሆነ መለየት አለበት፤ ሲያወሩ ድምፅና ፊት የሚለዩትን፣ ሲጽፉ ትእምርተ ጥቅስ ካልለየው የሚለየው የለም።

«የድርብ ሰረዝን ጥቅሞች ዘርዝር» የሚለው የፈተና ጥያቄ ማንንም ጸሐፊ እንዳላደረገ እቀበላለሁ። ነገር ግን በመጥፎ መንገድ የተሰጠ ትምህርት ይታረማል እንጂ አይሰረዝም። ገጹ እስኪያልቅ አንድም አራት ነጥብ የሌለበትን ጽሑፍ «ነፃነት» ብሎ መጥራትም፣ ሐሳቡ የት ላይ እንዳለቀ የጠፋበትን ልጅ ሜዳ ላይ መተው ነው።

አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ወንድሜ መጽሐፌ ጠፋ አለኝ፣ ብሎ ጽፎ አሳየኝ። የጠፋው የማን መጽሐፍ እንደሆነ ስጠይቀው «የወንድሜ ነዋ!» አለ፣ ወረቀቱ ግን ይህን አይናገርም ነበር። ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። «መጽሐፌ» ላይ ሲደርስ ድምፁን እንደ ወንድሙ አቅጥኖ አነበበ፤ ከዚያም ቆም ብሎ ወረቀቱን አየና እርሳሱን አንሥቶ «መጽሐፌ ጠፋ» የሚለውን በሁለቱም በኩል አጠረው።