«እንጸልይለታለን» ብሎ መበተን

ሰው ዓይናችን እያየ ሲበደል «እግዚአብሔር ይፍረድ» ብለን ዘወር ማለታችን አንገሸገሸኝ! የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር ያሠራውን ነህምያን እንጠቅሳለን፤ ግን ግማሹን ብቻ። ከኪስሌው እስከ ኒሳን (በዕብራውያን ወሮች)፣ 4 ወር ገደማ ጸለየ። የፋርሱ ንጉሥ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው በልቡ ጸለየና እዚያው ለገዥዎች የሚሰጥ ደብዳቤና የበር እንጨት ለመነ። ጠላት ሲዝትም ጸለየ፣ ዘብም አቆመ። እኛ ግን «አሜን» ካልን በቃ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። (ፍርሃት ከሆነ ፈራን እንበላ!) ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በቃል ያኔውኑ ጻፉት እንጂ! ሲያድር ትዝታው ይደበዝዛል፣ ምስክርነቱም ይላላል። ተበዳዩን ሳያስፈቅዱ መጮህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በቀሉ የሚያርፈው እሱው ላይ ነው። መጀመሪያ «ምን ላድርግልህ?» በሉት፤ አቤት ሊል ከሄደም አብራችሁት ሂዱ፣ የማመልከቻውን ቅጂም አስቀሩ።