ካሜራው ይቆየን፤ መጀመሪያ የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር

ጎንደር ውስጥ አንድ ሆቴል ወይም የጅምላ ንግድ ቤት ለቴክኖሎጂ ገንዘብ ሲመድብ ብዙ ጊዜ ካሜራ ይቀድማል። ሌባን ለመያዝ ይጠቅማልና አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ግን የድርጅቱ የዓመታት ሂሳብ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ተመዝግቦ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ምንም ቅጂ መቀመጡ ነው። ባለቤቱ ይህን የሚረዳው ማሽኑ አልነሳ ያለ ዕለት ነው። በጀቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

አደጋው የሚገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ዊንዶውሱ ሳይገዛ በክራክ፣ ማለትም ፈቃዱን በሚያልፍ ፕሮግራም፣ ይጫናል፤ ክራኩ እንዲሠራ ጫኚው አንቲቫይረሱን ያጠፋዋል፤ ብዙ ጊዜም መልሶ አያበራውም። ክራኩን እንዳያበላሽ ተብሎ አፕዴትም ይዘጋል። ከዚያ ሰነድ ለማተም ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ይሰካል። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲታዩ ሠራተኛው አንዱን ይከፍታል፤ ቫይረሱ የሚነሳው በዚያች ቅጽበት ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖት ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው አፕዴቱን ያልጫኑ ናቸው።

አሁን ደግሞ የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የኮምፒውተር የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ለሂሳብ ክፍል 4ኛ ወይም 6ኛ ጄኔሬሽን ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ መግዛት ቁጠባ አይደለም።

ለቅጂው ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ ለመካከለኛ ድርጅት ሂሳብ 1 ቴራባይት ይተርፋል። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ከፒችትሪ ባክአፕ ይወሰድና የፋይሉ ስም ላይ ቀኑ ይጻፍበት። አንዱ ዲስክ ቢሮ፣ ሌላው ከቢሮ ውጭ ሆኖ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ዲስኩ ባክአፕ እንደተወሰደ ይነቀል፤ ተሰክቶ ከዋለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ቅጂው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለኝ ማለት አይቻልም። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ያየ ሰው ግን በእሱ ብቻ አይተማመንም።

መብራትም ከቫይረስ ያላነሰ ጠላት ነው። ሂሳብ እየተመዘገበ ሲጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለአንድ ዴስክቶፕ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር ግን አይሰካበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያስጨንቀዋል።

ፋይሎቹ ተቆልፈው ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ቢወጣስ? የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል፤ ዋይፋይም ይጥፋ። ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር አሳውቁ። ለጥገና ቤት ሰጥቶ ወዲያው ፎርማት ማስደረግ ትልቁ ስህተት ነው። ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች መፍቻ በኋላ ይገኛል፤ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ ግን የሚፈታ ነገር አይኖርም።

ካሸሩ ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው። ደንበኛው ከፍያለሁ ብሎ የስልኩን ስክሪን ያሳያል። ስክሪንሾት በደቂቃዎች ውስጥ ሊቀየር እንደሚችል ካሸሩ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የክፍያው መልእክት የሚገባበት ስልክ በባለቤቱ ኪስ፣ ባለቤቱም ከተማ ውስጥ የሆነ ቦታ ስለሆነ ነው። በጥምቀት ሰሞን ሰልፍ ቆሞ እያለ ደጋግሞ መደወል አይቻልም። ስለዚህ ክፍያ ብቻ የሚቀበል ስልክ ካሸሩ ጋ ይቀመጥ። የቴሌብር መልእክት ከ127 መምጣቱ ይታይ፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር የገባ መልእክት ማስረጃ አይደለም። ከፍ ላለ ገንዘብ ባለቤቱ ራሱ አፑን ከፍቶ ሂሳቡ ላይ መግባቱን እስኪያረጋግጥ ዕቃ አይውጣ።

ሆቴሎች የእንግዳ ፓስፖርት ቅጂ የሚያስቀምጡበት የሪሴፕሽን ኮምፒውተር ከእንግዶች ዋይፋይ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ መሆን የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ራውተሩ የጎብኚ ኔትወርክ የሚል ምርጫ ካለው ይብራ፤ የራውተሩም የካሜራው መቅጃም የፋብሪካ ፓስወርድ ይቀየር።

የድርጅቱ ቴሌግራምና ኢሜይል የተከፈተበት ሲም በድርጅቱ ስም ይውጣ። በሠራተኛ ቁጥር ከተከፈተ ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኞቹም አብረውት ይሄዳሉ። ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርድ ይብራ፤ ወደ ስልኩ የሚመጣው ኮድ ለማንም አይነገር። ሠራተኛ በለቀቀበት ዕለት ፓስወርዱ ተቀይሮ በሌሎች ስልኮች ላይ የተከፈተው ሁሉ ይዘጋ።